ጥቁሩም አረንጓዴውም ሻይ ዛፉ አንድ ነው

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ሱፐርማርኬቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉና የሻይ ቅጠል መደርደሪያውን እዩ። ጥቁሩ ሻይ በለመድነው ፓኬት፣ በለመድነው ዋጋ ተደርድሯል። ከጎኑ አረንጓዴው በሚያብረቀርቅ ካርቶን ተቀምጧል። ዋጋው ይበልጣል። ካርቶኑ ላይ ውፍረት እንደሚቀንስ የተጻፈበትም አለ። ካፌዎቹም ተከትለዋል። "ግሪን ቲ" ብሎ ማዘዝ ጤናውን የሚጠብቅ ሰው ምልክት እየሆነ ነው።

ብዙ ሰው ታዲያ ሁለቱ የተለያዩ ተክሎች ይመስሉታል። አንዱ መድኃኒት፣ ሌላው ዝም ብሎ መጠጥ። ነገሩ ሌላ ነው። ሁለቱም የሚለቀሙት ከአንድ ዓይነት ዛፍ ነው። ከአንድ ቅርንጫፍ፣ በአንድ ጠዋትም ሊሆን ይችላል። የሚለያዩት ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። ይህን የያዘ ሰው የቀረው የሻይ ነገር ሁሉ ይቀለዋል። የጃፓኑም፣ የቱርኩም፣ ጠዋት መንገድ ዳር ከፓስቲ ጋር ፉት የምንለውም።

አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ከታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አንድ ቅጠል እንዴት ጥቁርም አረንጓዴም ይሆናል?

የሻይ ተክል ሳይንሳዊ ስሙ ካሜሊያ ሳይነንሲስ ነው። ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ አይረግፍም። ካልተነካ ብዙ ሜትር የሚረዝም ዛፍ ይሆናል። እርሻ ላይ ግን ለለቀማ እንዲመች ወገብ ድረስ እየተከረከመ ይያዛል። ሁለት ዋና ዝርያዎች አሉት። ትንሽ ቅጠል ያለው የቻይናው ብርድ ይችላል። ሰፊ ቅጠል ያለው፣ ከሕንድ የአሳም ምድር የሆነው፣ ሙቀትና ዝናብ ይወዳል። ለቃሚዎች የሚቀጥፉት ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው፤ እምቡጧንና ከሥሯ ያሉትን ሁለት ለጋ ቅጠሎች።

አሁን ድንች አስቡ። ልጣችሁ ሳህን ላይ ብትተዉት ይጠቁራል። ከተቀቀለ በኋላ ግን እንደዚያ አይጠቁርም። ምክንያቱ ውስጡ ያለ ኢንዛይም ነው። ኢንዛይም ማለት በሕያው ነገር ውስጥ ለውጥ የሚያፋጥን ንጥረ ነገር ነው። ድንቹ ሲላጥ ኢንዛይሙ ከአየር ጋር ይገናኝና ሥራውን ይጀምራል። ሙቀት ሲነካው ግን አበቃ። የሻይ ቅጠል ውስጥ ያለውም ይኸው ዓይነት ኢንዛይም ነው። ባለሙያዎች ሂደቱን ኦክሲዴሽን ይሉታል፤ ቅጠሉ አየር ውስጥ ካለው ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ቀለሙና ጣዕሙ መለወጡ ማለት ነው።

ጥቁር ሻይ እንዲጠቁር ተፈልጎ የተተወ ሻይ ነው። መጀመሪያ ቅጠሉ ለግማሽ ቀን ያህል ተዘርግቶ ይጠወልጋል። ከዚያ ይታሻል። ሲታሽ ይሰባበርና ጭማቂው ይወጣል፤ አየርም ያገኘዋል። አንድ ሁለት ሰዓት ሲቆይ ቀላ ቡኒ ይላል። በመጨረሻ ኃይለኛ ሙቀት አየር ይለቀቅበትና ይደርቃል። መጥቆሩም እዚያው ላይ ይቆማል።

አረንጓዴው ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ከተለቀመ ብዙም ሳይቆይ እሳት ያገኘዋል። ቻይናዎች በጋለ ብረት ምጣድ ያምሱታል። ጃፓኖች እንፋሎት ይለቁበታል። ኢንዛይሙ ይሞታል፤ ቅጠሉም እንዳረነጓደ ይደርቃል። የታመሰው የቻይና ሻይ ቆሎ ቆሎ ሲል፣ በእንፋሎት ያለፈው የጃፓን ሻይ ደግሞ ሣር ሣር የሚለው ለዚህ ነው። ከሁለቱ መሃል ያለው ኡሎንግ ነው፤ ግማሽ መንገድ ጠቁሮ እንዲቆም ይደረጋል። ነጭ ሻይ የሚባለው ሳይታሽ ጠውልጎ የደረቀ እምቡጥ ነው። ከቻይና ዩናን ግዛት የሚመጣው ፑአር ደግሞ ለብቻው ነው። እሱን ረቂቅ ተሕዋስያን ያብላሉታል፤ ለዓመታት የሚቀመጥም አለ።

እኛ ሱቅ የምናገኘው ሻይ ቅጠል ግን ቅጠልም አይመስል። ድቡልቡል ጥቃቅን ፍሬ ነው። ይህ የሆነው ስለተጭበረበርን አይደለም። በ1930ዎቹ ሕንድ ውስጥ ቅጠሉን በጥርሳም ሲሊንደሮች መሃል እያሳለፈ የሚጨፈልቅ፣ የሚቀድና የሚጠቀልል ማሽን መጣ። እንደዚህ የደቀቀ ሻይ ቶሎ ይወጣል፤ ቶሎ ይቀላል፤ በትንሹ ብዙ ብርጭቆ ይሞላል። ቲ ባግ ውስጥ ያለውም ብዙ ጊዜ የደቀቀ ነው። ስስ ጣዕሙ ይቀንሳል፣ ጉልበቱ ይጨምራል። ስኳርና ቅመም ለሚገባበት የእኛ ሻይ ግን እንዲያውም የሚስማማው እሱ ነው። አንድ ኪሎ ደረቅ ሻይ ለማግኘት ከአራት ኪሎ በላይ እርጥብ ቅጠል ይለቀማል።

የጦስኝ ሻይስ? ከርከዴስ?

እነዚህ ሻይ አይደሉም፤ እንዲህ ስል የሚቀየሙኝ አሉ። ጦስኝ ከደጋው የሚመጣ፣ የራሱ ሽታና የራሱ ዘይት ያለው ሌላ ተክል ነው። ከርከዴም በመተማ በኩል ስትሄዱ ሙቀቱ እየበረታ ሲመጣ በብርዱም በሙቁም የሚጠጣው ቀይ አበባ ነው። ሞሪንጋም እንደዚሁ። በፈላ ውሃ ስለተዘፈዘፉ ሻይ ተባሉ እንጂ የሻይ ዛፍ አያውቃቸውም። ይህ ለማን ይጠቅማል? ማታ እንቅልፍ እምቢ ለሚለው ሰው። ጦስኝና ከርከዴ ውስጥ ካፌይን የለም። አረንጓዴ ሻይ ውስጥ ግን አለ። "ቀለል ያለ ነው" ብሎ ከመኝታ በፊት ግሪን ቲ የሚጠጣ ሰው ነቅቶ ቢያድር አይገረም።

ሻይ ከቻይና እንዴት ወጣ?

መነሻው ደቡብ ምዕራብ ቻይናና አጎራባቾቹ ናቸው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ141 የሞተ አንድ የሃን ሥርወ መንግሥት የቻይና ንጉሠ ነገሥት መቃብር ውስጥ የሻይ ቅሪት ተገኝቷል። ከዚያ ለብዙ መቶ ዓመታት ከመነኮሳትና ከነጋዴ ጋር ተጓዘ። ወደ ጃፓን ዘር ይዞ በ1191 የተመለሰው ኤይሳይ የተባለ የቡድሃ መነኩሴ ነው። መነኮሳቱ የወደዱት ለጸሎት ስለሚያነቃቸው ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ ቡናችንም በትውፊት ተመሳሳይ ታሪክ ይነገርለታል።

አውሮፓ የደረሰው ዘግይቶ ነው። ሆላንዶች በ1610 ገደማ በመርከብ አመጡት። እንግሊዝ ቤተ መንግሥት ውስጥ ፋሽን ያደረገችው ደግሞ በ1662 ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛን ያገባችው የፖርቱጋል ልዕልት ካተሪን ናት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። በዚያ ዓመት ጎንደር ላይ ዙፋኑ የአፄ ፋሲል ነበር። ከተማዋን የቆረቆሩት በ1636 ነው፤ ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የፖርቱጋል ካቶሊክ ሚስዮናውያን ከአገር አስወጥተዋል። ፖርቱጋል ከዚህ ከተባረረች ከሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ልጇ እዚያ ለንደን ሻይ አስለመደች። የእኛ ግቢ የሚያውቀው ጠጅና ጠላ ነው። ቡናም ቢሆን በሰሜኑ ክርስቲያን ዘንድ ለረጅም ጊዜ የሙስሊሞች መጠጥ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ያ አመለካከት የላላው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በምኒልክ ዘመን ነው።

እንግሊዞች ሻይን ሲወዱት ችግር መጣ። ቻይና በምላሹ የምትፈልገው ብር ነበር። የእኛን ገንዘብ ብር ማለቴ አይደለም፣ ማዕድኑን ነው። ብሩ ሲያልቅባቸው ሕንድ ውስጥ ያመረቱትን ኦፒየም ወደ ቻይና ማስገባት ጀመሩ። ኦፒየም ሱስ የሚያስይዝ ዕፅ ነው። ቻይና ስትከለክል በ1839 ጦርነት ተነሳ። የሻይ ፖለቲካ አሜሪካም ደርሷል፤ በታኅሣሥ 1773 ቦስተን ወደብ ላይ ቀረጡ ያስቆጣቸው ሰዎች 342 ሣጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። እንግሊዞች በመጨረሻ ያገኙት መፍትሔ ሻዩን ራሳቸው መትከል ነው። አሳም ውስጥ በዱር የበቀለ ሻይ ነበር። ከቻይናም በ1848 ሮበርት ፎርቹን የተባለ የዕፅዋት አዋቂ የቻይና ልብስ ለብሶ ገብቶ ችግኝና ዘር አወጣ። ዛሬ ቢሆን የኢንዱስትሪ ስለላ ነው የምንለው።

የቡና በሽታ ከሻይ ጋር ምን አገናኘው?

ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ፣ ዋና የቡና አገር ነበረች። የተተከለው አረቢካ ነው፤ ዘሩ የተነሳው ከእኛው ጫካ። በ1869 ቅጠሉ ላይ ብርቱካንማ ዱቄት ታየ። የቡና ቅጠል ዝገት የሚባለው ፈንገስ ነው። ቅጠሉን ያረግፋል፤ ዛፉ ቀስ በቀስ ይዳከማል። እርሻዎቹ በየዓመቱ እየከሰሩ ሄዱ። ጄምስ ቴይለር የተባለ ስኮትላንዳዊ ግን ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1867፣ ሻይ በንግድ ደረጃ ተክሎ ነበር። ባለርስቶቹ ቡናቸውን እየነቀሉ እሱን ተከተሉት። የሲሎን ሻይ በዓለም ገበያ ስም ያገኘው ቡናው በሞተበት መሬት ላይ ነው።

ወደ ኬንያ ሻይ የገባው በ1903 ሲሆን የተተከለው ናይሮቢ አጠገብ ሊሙሩ ነው። ዛሬ ኬንያ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ ከዓለም ግንባር ቀደም ናት። ሞምባሳ ላይ የሚካሄደው ጨረታም የምሥራቅ አፍሪካን ሻይ ዋጋ ይወስናል።

እኛ አገር ሻይ አለ ወይ?

አለ። ኢሉባቦር ውስጥ ጎሬ አካባቢ ጉማሮ፣ ካፋ ውስጥ ቦንጋ አጠገብ ውሽውሽ። ስማቸውን ከፓኬት ላይ ታውቁታላችሁ። ሁለቱም ደቡብ ምዕራብ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም። ሻይ ሁለት ነገር አጥብቆ ይፈልጋል። አሲዳማ አፈርና ዓመቱን ሙሉ የተከፋፈለ ዝናብ። ጎንደር የሚዘንበው ዝናብ ጠቅላላ ድምሩ ትንሽ አይደለም፤ ግን ከሰኔ እስከ መስከረም ወርዶ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ረጅም በጋ ነው። ለጋ ቅጠል በየሳምንቱ በየሁለት ሳምንቱ የሚለቀምበት ተክል እንዲህ ያለውን በጋ ያለ መስኖ አይወጣውም። ግቢው ውስጥ ለጌጥ አንድ ዛፍ መትከል የሚፈልግ ይሞክር፤ እርሻ ግን አይሆንም።

ሌላው ዓለም እንዴት ይጠጣዋል?

ከሁሉም ለእኛ የሚቀርበው የሰሃራው ይመስለኛል። ሞሪታኒያና በበረሃው ዙሪያ ያሉ ሰዎች ሻይ በሦስት ዙር ነው የሚጠጡት። ከሰል ላይ የተጣደች ትንሽ ማንቆርቆሪያ አለች። ቅጠሉ የቻይና አረንጓዴ ሻይ ነው። መጀመሪያ የሚቀዳው መራራና ወፍራም ነው። በዚያው ቅጠል ላይ ውሃና ስኳር ተጨምሮ ሁለተኛው ይፈላል፣ ከዚያ ሦስተኛው። እየቀጠነና እየጣፈጠ ይሄዳል። ከሁለተኛው በኋላ ተነስቶ መሄድ ነውር ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ማንቆርቆሪያውን ከፍ አድርገው ከላይ የሚቀዱት አረፋ እንዲያወጣ ነው፤ አረፋ የሌለው ብርጭቆ ለእንግዳ አይቀርብም። የናዕናውም ሻይ፣ በተለይ ሞሮኮ ውስጥ፣ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የሚገርመው ያ ሁሉ ባህል ያን ያህል ጥንታዊ አይደለም። ሻዩ በብዛት የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከሩሲያ ጋር በተደረገው የክሪሚያ ጦርነት ጊዜ ገበያ ያጡ የእንግሊዝ ነጋዴዎች ወደ ሞሮኮ ወደቦች ካዞሩት ወዲህ።

ቱርክም እንደዚሁ ናት። የቱርክ ቡና ዓለም የሚያውቀው ነው፤ ግን ዛሬ ቱርኮች በነፍስ ወከፍ ሻይ በመጠጣት ከዓለም ቀዳሚ ናቸው። የኦቶማን መንግሥት የመንን ሲያጣ ቡና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሆነ። አዲሱ ሪፐብሊክ በ1924 በሕግ ደግፎ ጥቁር ባሕር ዳር ሪዜ ላይ ሻይ ማስተከል ያዘ። አሁን በየሱቁ በወገቧ ቀጭን በሆነች ብርጭቆ ይቀርባል። ከታች ውሃ፣ ከላይ ወፍራም ሻይ ያለበት ድርብ ማንቆርቆሪያ አላቸው። የፈለገ ያቀጥነዋል፣ የፈለገ ያወፍረዋል።

ቲቤቶች ጨውና ቅቤ ይጨምሩበታል። ገጠር ቡና በጨው የጠጣ ሰው አይስቅባቸውም። ሕንዶች ከወተትና ከቅመም ጋር ያፈሉታል። ጃፓኖች ደግሞ ጥላ ውስጥ ያደገውን ቅጠል ፈጭተው ዱቄቱን ይመቱታል፤ ማቻ የሚባለው እሱ ነው። ሱዳን ስትሻገሩ ዛፍ ጥላ ሥር በርጩማ ደርድረው ሻይ የሚሸጡ ሴቶች ታገኛላችሁ። ከሰሉ፣ ዝንጅብሉ፣ ወሬው ከእኛው መንገድ ዳር ብዙም አይለይም።

ጎንደር ላይ ሻይ ለምን በደንብ መፍላት ይፈልጋል?

ምክንያቱ ከፍታው ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ሲሳሳ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። ባሕር ዳርቻ ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ እዚህ በ93 ገደማ ይፈላል። ደባርቅ ስትወጡ ወደ 90 ይጠጋል። ባቄላ አልበስል የሚለንም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥቁር ሻይ ጣዕሙን ለማውጣት ኃይለኛ ሙቀት ይወዳል። ፓኬቱ ላይ "ሦስት ደቂቃ" የሚለው ለሌላ አገር ውሃ የተጻፈ ነው። እናቶቻችን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋር ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚያንተከትኩት ትክክል ናቸው። ቀረፋው ራሱ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ ቅመሙ ይፍላ፣ ሻይ ቅጠሉ መጨረሻ ላይ ይግባ፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ሲቆይ አፍ ይይዛል።

አረንጓዴው ላይ ይህ አይሠራም። እንደ ጥቁሩ ካፈላችሁት ይመራል። ብዙ ሰው "ግሪን ቲ ይመራል" የሚለው ስለሚያፈላው ነው። ውሃው ፈልቶ ይውረድ። ትንሽ ይቀዝቅዝ፣ እስከ 75 ወይም 80 ዲግሪ። ከዚያ ቅጠሉ ላይ ይፈስበትና ሁለት ደቂቃ ይቆይ።

ሎሚ ሲጨመርስ ለምን ይነጣል? የጥቁር ሻይ ቀለም ከአሲድ ጋር ይለወጣል። ሎሚው አሲድ ስለሆነ ቀለሙ ወዲያው ይሳሳል። ሻዩ ቀጠነ ማለት አይደለም።

አረንጓዴ ሻይ ያከሳል? ሻይ ደም ይቀንሳል?

የመጀመሪያውን በአጭሩ፦ ካርቶኑ ላይ እንደተጻፈው አያከሳም። ጥናቶች ያዩት ለውጥ ጥቂት ነው። አረንጓዴው ካቴኪን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይበዙበታል። በጥቁሩ ውስጥ አብዛኞቹ ሲጠቁር ወደ ሌላ ንጥረ ነገር ተለውጠዋል፤ አልጠፉም። ጥቁሩ መርዝ፣ አረንጓዴው መድኃኒት የሚባል ነገር የለም። ልዩነቱ የሚሰፋው ስኳሩ ላይ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ይሆናል። በሦስት ማንኪያ ሁለት ብርጭቆ የጠጣ ሰው 24 ግራም ገብቶለታል። የዓለም ጤና ድርጅት ቢቻል ቀኑን ሙሉ ከ25 ግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። ለውፍረት የሚያስብ ሰው ካርቶን ከመቀየር ማንኪያ ቢቀንስ ይሻለዋል። የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በእንክብል የሚሸጠው ደግሞ ጠንቀቅ ያሰኛል። በብዛት የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው የተጎዳ አለ።

ሁለተኛው ጥያቄ እውነት አለበት። ሻይ ደም አይመጥም። ነገር ግን አፍ የሚይዘው ታኒን ሆድ ውስጥ ከብረት ማዕድን ጋር ይጣበቃል። ያኔ ብረቱ ሳይመጠጥ ያልፋል። በዋናነት የሚያጠቃው ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ነው፤ የሥጋውን ብዙም አይነካም። ከምግብ ጋር የተጠጣ ሻይ የዚህን ብረት መመጠጥ ከግማሽ በላይ ሊቀንሰው ይችላል። ለእኛ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጾም ሲገባ ማዕዱ ሽሮና ምስር ነው። ማኪያቶም ለብዙ ሰው ስለሚቀር ከምሳ በላይ ሻይ ይበረታል። ነፍሰ ጡር፣ የወር አበባዋ የሚበዛባት ሴት፣ ደም ማነስ ያለበት ሰው ሻዩን ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ያርቀው። ማዕዱ ላይ ሎሚ ወይም ቃሪያና ቲማቲም ቢኖር ይረዳል፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ያግዛል። ቡናም ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ስላለ ሻይ ትቶ ወደ ጀበና መዞር አያስመልጥም።

አንድ ሌላ ነገር፤ እንደወረደ እየተፋጀ አትጠጡት። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 ከ65 ዲግሪ በላይ የሚጠጣ ማንኛውም ትኩስ መጠጥ የምግብ ቧንቧ ካንሰር ሳያመጣ እንደማይቀር መድቦታል። ጥፋቱ የሙቀቱ ነው፤ የሻዩ አይደለም።

ስትገዙ ምን ታያላችሁ?

የተመረተበትን ቀን። ጥቁር ሻይ በደንብ ከተዘጋ ሁለት ዓመት ይቆያል። አረንጓዴው ግን ቶሎ ያረጃል፤ አንድ ዓመት ያለፈው ከሆነ ሽታው ሄዷል። ያን ሁሉ ዋጋ ከፍሎ ያረጀ ቅጠል መግዛት ያሳዝናል። ቀለሙ ወደ ቡኒ የሄደ አረንጓዴ ሻይ ካያችሁ ተዉት። ቤት ስትወስዱት ከበርበሬና ከኮረሪማ አርቁት። ደረቅ ሻይ ቅጠል ያገኘውን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ቆርቆሮ ካላችሁ ቆርቆሮ፣ ከሌለ ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ፤ ብርሃንና እርጥበት የማይደርስበት ቦታ።